ዕጢ የዘጋው አንደበት

በማስተዋሉ የተመሰገነ፥ በአነጋገሩም የታረመ አንድ አባወራ ጠባዩ ቀስ በቀስ ተለውጦ፥ የሚሳሳላቸውን ልጆቹን ያለ ምክንያት መቈጣት ቢጀምር፥ ውሎ አድሮም ቃል ከአንደበቱ ቢጠፋ፥ በመጨረሻም ሲመረመር በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ መብቀሉ ቢታወቅ፥ ይህ ሰው ያው የቀድሞው ሰው ነውን? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በአልጋ አጠገብ የሚያድር አስታማሚ ሁሉ በልቡ የሚያመላልሰው ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ነፍስ ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት ብለው ያስተምራሉ። እንግዲህ በግራው የአንጎል ክፍል የበቀለ ዕጢ ንግግርን፥ በግንባር በኩል የበቀለውም ትዕግሥትንና ማመዛዘንን የሚያሳጣ ከሆነ፥ ነፍስ ራስዋ ጐደለች ልንል ነውን? እኔ አልልም። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ሲጠመቁ አንዲት ቃል አይናገሩም፥ ክፉንና ደጉንም አይለዩም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የክርስትና ስም ሰጥታ ሥጋ ወደሙን ታቀብላቸዋለች። ገና ያልተከፈተው አንደበት የነፍስ ጉድለት ካልሆነባት፥ ደዌ የዘጋው አንደበት እንዴት ይሆንባታል? በእስልምናም አእምሮውን ያጣ ሰው የሃይማኖት ግዴታው ይነሣለታል እንጂ ሰብአዊ ክብሩ አይነሣም።

ይህን በቃል ማመን ቀላል ነው፤ የሚፈትነው በሽተኛው በተሰበሰበ ሰው መካከል ሲወድቅ ነው። ዕጢ ራሱን ከሚገልጥባቸው ምልክቶች አንዱ የሚጥል በሽታ ነውና፥ በዚያች ሰዓት አንዱ ክብሪት ጭሮ በአፍንጫው ሥር ያጨስበታል፥ ሌላው አረፋው እንዳይነካው ይሸሻል፥ ምድጃው ቅርብ ከሆነም የሚያነሣው እስኪገኝ እሳት ይበላዋል። በፈረንጆች 1980ዎቹ ዓመታት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ፥ በመስቃንና ማረቆ፥ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት መርምረው ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። የብዙዎቹ ምክንያት ዕጢ አይደለም፤ ዳሩ ግን ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀ ሰው አንጎሉን በምርመራ መሣሪያ ሊታይ ይገባዋል።

ዕጢ ሁሉ ሞት አይደለምና። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ፥ ዝግ ብሎ የሚያድግ፥ በቀዶ ሕክምናም ሊወጣ የሚችል ነው፤ ችላ ሲባል ግን የዓይንን ብርሃን እስከ መንሣት ይደርሳል። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ አጋዥነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች 2006 ከተጀመረ ወዲህ፥ የወልቂጤ ሰው ለዚህ ሕክምና ባሕር መሻገር ግድ አይሆንበትም። የጅማውን መንገድ ይዞ አዲስ አበባ መድረስ ግን፥ ከነአስታማሚው፥ ከነማረፊያው፥ ለድኻ ሸክሙ ከባድ ነው፤ ይህን እድርና ዘመድ ሊካፈሉት ይገባል።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምም መድኃኒትም ከፈጣሪ መሆናቸውን ያስተምራል። ስለዚህ የወልቂጤና የቡታጅራ ካህናትና ሼኾች ሆይ፥ ጧት ጧት ራሱን እየፈለጠው የሚያስታውከው፥ ዓይኑ እየደከመ የሚሄደው፥ ወይም ጠባዩ የተለወጠው ምእመን ወደ እናንተ ሲመጣ፥ ጸበሉንም ዱዓውንም አትንፈጉት፤ በዚያው ቀን ግን ወደ ሆስፒታል ላኩት።