የወደቀውን በስሙ ስለ መጥራት

በጦር ሜዳ ለሞተ ሰው የሚገባው ክብር ከምን የሚመነጭ ነው? ከድሉ ነውን? ወይስ ከተሰለፈበት ጉዳይ እውነተኛነት? ወይስ ነፍሱን አሳልፎ ከመስጠቱ ብቻ? ይህ ጥያቄ ለመጽሐፍ ሰዎች የተተወ አይምሰልህ። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ተወልዶ ያደገ ወጣት ሁሉ፥ ቅድመ አያቱ ከየትኛው ጦር ጋራ ተሰልፎ እንደ ሞተ የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል፤ የሚያገኘውም መልስ ሁልጊዜ የሚያኰራ አይሆንም።

ከደብረ ታቦር ብዙ ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በአውሮፓውያን ሠራተኞች እጅ ያሠሩት በዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማይቱን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፥ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ይህን መድፍ ሠራዊቱ ገደል እየናደ፥ መንገድ እየጠረገ፥ ለወራት ጐተተው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በዕለተ ስቅለት፥ ይኸው ሠራዊት በአሮጌ ሜዳ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ገጠመ። በኋላው በኩል የሚጐርስ አዲስ ጠመንጃ ከያዘ ጦር ፊት ወደ 700 የሚሆን ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን በቍስል የሞቱት ሁለት ነበሩ። ከወደቁት መካከል ፊታውራሪ ገብርዬን ሁላችንም እናውቃለን። የቀሩትን ማን ያውቃል? የመድፉ ምስል ዛሬ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል፤ መድፉን የጐተቱት ሰዎች ስም ግን የትም ተጽፎ አላየሁም።

«የንጉሡ ስም ሲጠራ የሁሉም ስም ተጠራ ማለት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አነጋገር ለአደባባይ ንግግር ይመች ይሆናል እንጂ ከአገራችን ልማድ ጋራ አይስማማም። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ካህኑ አስቀድሞ የሚጠይቀው የክርስትና ስሙን ነው። ሟቹ በዓለም ስሙ ምንም ቢታወቅ፥ በፈረስ ስሙም ቢፎከርለት፥ ፍትሐቱ ሲደርስ የሚጠራው በጥምቀት በተሰጠው ስም ነው። ይህን ስም አብዛኛውን ጊዜ የምታውቀው እናቱ ናት። ተዝካሩም የአለቃው ተዝካር ሲወጣ አብሮ አይወጣም፤ ለያንዳንዱ ነፍስ ለብቻው ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ድኻውንና መኰንኑን በየስማቸው ስትጠራ፥ እኛ ሰባቱን መቶ በአንድ ሰው ስም ጠቅልለን «አክብረናል» ብንል ምን ዓይነት ክብር ነው?

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። በአሮጌ የወደቁት እነዚያው ወታደሮች፥ ከመነሣታቸው በፊት በነበሩት ዓመታት የበጌምድርን ገበሬ የዘረፉና ቤቱን ያቃጠሉ ነበሩ። የፋርጣ ገበሬ የልጅ ልጅ ስለ እነርሱ የሰማው ተረክ የመቅደላውን ጀግንነት ብቻ አይደለም። ታዲያ ምን ያድርግ? ያለቅስላቸው ወይስ ይርገማቸው?

ከዚህ የባሰም አለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፥ የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመሩት የመንግሥት ጦር ጋራ በአንችም ተዋጉና ከብዙ ወታደሮቻቸው ጋራ ሞቱ። ያን ጊዜ አይሮፕላን ውግዘት የተጻፈበትን ወረቀት በሠራዊቱ ላይ በተነ፤ ቦምብም ጣለ። ማንበብ የማያውቅ ወታደር ከሰማይ በወረደ ወረቀት መወገዙን እንዴት ያውቃል? ቦምቡን ግን ሳያነብ ተረዳው። እነዚህ ሙታን ከዚያ ወዲህ በታሪክ መጽሐፍ «ዓመፀኞች» ይባላሉ፤ ሐውልትም፥ መታሰቢያ ቀንም የላቸውም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ እስቲ አንድ ነገር ልብ በል። ከስድስት ዓመት በኋላ ኢጣልያ ወረረን። በጌምድርን ያገኙት ራስ ካሣ ሠራዊታቸውን ይዘው በተምቤን ተዋጉ። በአንችም የተሸነፈ አንድ የደብረ ታቦር ሰው በ1928 ዓ.ም. በተምቤን ቢወድቅ፥ ዛሬ ለአገሩ የሞተ አርበኛ እንለዋለን። በአንችም ከጐኑ የወደቀው ጓደኛው ግን ዓመፀኛ እንደ ተባለ ይቀራል። ሁለቱም ስንቃቸውን ከአንድ ቤት ቋጥረው፥ በአንድ ነጋሪት ተጠርተው፥ አንዱን ጌታ ተከትለው የወጡ ናቸው። የሚለያቸው የሞቱበት ቀን ብቻ ነው። ያሸነፏቸው ሙሉጌታም፥ ራስ ተብለው በአምባ አራዳም ከተዋጉ በኋላ፥ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ለዚህችው አገር ሲሉ ሞቱ።

እኔ እንደሚመስለኝ ስሕተቱ «ክብር» በምትል አንዲት ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ዕዳ ማጨቃችን ነው። መቅበር አንድ ነው፤ ስምን መጥራት ሌላ ነው፤ ማመስገን ደግሞ ሌላ። ምስጋና የሚገባው ለመልካም ሥራ ነውና፥ ቤት ላቃጠለ ሰው «ቤት ስላቃጠልህ እናመሰግንሃለን» ልንለው አይገባም። መቀበርና መጠራት ግን የሥራ ዋጋ አይደሉም፤ ከእናት ለተወለደ ሁሉ የሚገቡ ናቸው። የጥንት የአቴና ሰዎች በጦርነት የሞቱባቸውን ሲቀብሩ፥ አስከሬናቸው ላልተገኘው ብለው አንድ ባዶ አልጋ አስጊጠው ይሸከሙ እንደ ነበር ቱኪዲደስ ጽፏል። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ስሙ ያልታወቀ አንድ አንድ ወታደር በታላቅ ክብር ቀበሩ። እኛም ሬሳው ላልመጣልን ሰው ልብሱንና መሣሪያውን አውጥተን ማልቀስ ልማዳችን ነበር። እንደ ሁኔታው ከሆነ ከዚያ ከባዶው አልጋ የእኛው ልብስ ይሻላል፤ ልብሱ የአንድ ሰው ነውና።

ሆኖም ሙታንን ማሰብ ሁሉ ደግ ነው ብዬ አላታልልህም። በለቅሶ ላይ ፉከራው ሲጋል፥ ቀረርቶው የሞተውን ትቶ ገዳዩን መፈለግ ሲጀምር፥ ሟቹ ከሚታሰብ ሰው ይልቅ የሚከፈል ደም ይሆናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታለች፤ ያ ሳይሽር በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ሌላ ጦርነት ተነሣ። በአንድ መንደር ሁለት ቤት ተለቅሶ፥ የአንዱ ቤት ሟች ከወዲያ፥ የሌላው ከወዲህ የነበረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ መንደር የሚነገር ሽለላ ምን እንደሚያመጣ ሽማግሌዎቹ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

ከሽለላ ይልቅ መዝገብ ይሻላል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር በዝርዝር የተያዘ ጦር ስለ ነበረ፥ ከ120 በላይ የሆኑት ሟቾቹ በቍጥር ይታወቃሉ። የአንችም ሙታን ግን ጸሐፊ አልነበራቸውም። ስንቅ ተሸክመው እሳት እያነደዱ ከጦሩ ጋራ የዘመቱት ሴቶች ደግሞ ወታደር እንኳ ስላልተባሉ ፈጽሞ አልተቈጠሩም።

አንተ መጻፍ ተምረሃል፤ የደብተር ዋጋም አይጐዳህም። በምትኖርበት ደብር ካሉት አረጋውያን ዘንድ ሄደህ የሟቹን የዓለም ስም፥ የክርስትና ስም፥ የወደቀበትን ቦታና ዓመት ጠይቀህ ጻፍ። የክርስትና ስሙን አስቀድመህ ጠይቅ፤ የሚያውቁት ሰዎች ቶሎ ያልቃሉና። «የተሰለፈበት ወገን» የሚል ዓምድ ይኑር ወይስ ይቅር ብለው የሚከራከሩህ ይኖራሉ። እኔ ይኑር እላለሁ፤ እውነትን ደብቆ ማክበር አይቻልም። ነገር ግን ከስሙ፥ ከእናቱና ከአባቱ ስም በኋላ፥ በመጨረሻው ዓምድ ይጻፍ። ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ወገን ወድቀው ቢገኙም መስመራቸው ሳይለያይ ተከታትሎ ይሁን።