የሰሊሆም ግንብና የእኛ ግንብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ ጌታችን ሟቾቹ ከሌላው የከፉ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውን አስተምሯል (ሉቃ. 13፥4)። ይህን የማነሣው በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ስትናወጥ "የሕዝቡ ኃጢአት ነው" ያሉ ስለ ነበሩ ነው። ንዝረቱ እኮ እዚሁ አዲስ አበባም ተሰምቷል! በአፋርና በኦሮሚያ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ፤ መኖሪያና ትምህርት ቤት ተሰነጠቀ፤ የከሰም ስኳር ፋብሪካም ተጎዳ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ደግሞ የካራቆሬው መናወጥ ማጀቴን አፍርሶ የአዲስ አበባ–ደሴን መንገድ ሰነጣጥቆት ነበር። መንገድ ሲሰበር እህልና ሐኪም የሚገባበት በር ይዘጋል።

ምድርን ማስቆም አንችልም። ሰውን የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናድበት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ የሰው ሥራ ነው። ሙሴ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዘዘው፥ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው (ዘዳ. 22፥8)። ዛሬ መከታው በዓምዱ ውስጥ የተቀበረው፥ ማንም የማያየው ብረት ነው። በመካከላችን ምህንድስና የሚማሩ፥ በጉለሌ ዳገት ላይ ግንበኝነት ውለው ማታ ለመዝሙር የሚመጡ አሉ። ብረቱ ሲቀነስ፥ ሲሚንቶው ሲሳሳ ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። አሠሪው ቢቆጣም "ይህ የሰው ደም ነው" ይበሉ፤ እኛም ሥራ ቢያጡ ብቻቸውን አንተዋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።