የሕጉ ጽናትና የአንባቢው ትዕግሥት

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው የገጹን መልክ፣ ቀለሙንና አሰላለፉን የሚደነግግበት ሲኤስኤስ የሚባለው ጽሑፍ በመርማሪ መሣሪያ ተፈትሾ ያለ አንዳች ነቀፌታ ማለፍ ይገባዋልን፣ ወይስ ገጹ በአንባቢው ፊት በደኅና ከታየ ይበቃዋል? ነገሩ የእጅ ሥራ ጥያቄ ቢመስልም፣ ሥሩ ሐዋርያው ጳውሎስ በፊደልና በመንፈስ መካከል ካደረገው ልዩነት የራቀ አይደለም።

በ1996 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሲኤስኤስ ሥርዓት የደነገጉት ሰዎች አስተዋዮች ነበሩ፤ ገጹን ለአንባቢው የሚያሳየው መሣሪያ፣ ብሮውዘር፣ የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ጊዜ ያን ትቶ የቀረውን እንዲፈጽም አዘዋልና፣ ነገ የሚወለደው አዲስ ቃል የትናንቱን መሣሪያ አያሰናክለውም። ይህም ምሕረት ልቅነት አይደለም፤ ንስሐ ቀኖና እንዳለው ሁሉ፣ ይቅር የሚባለው ነገርም ይቅርታው የሚፈጸምበት መንገድም በሕጉ ውስጥ ተወስኗል። የገጹ ይዘት የሚጻፍበት፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል ግን፣ በጽኑ ሥርዓቱ ሲነበብ፣ አንዲት ምልክት ሳትዘጋ ብትቀር ገጹን ከአንባቢው ይከለክል ነበር። በዳዩ ጸሓፊው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በአንባቢው ላይ መውደቁ ፍትሕ አልነበረም፤ የዚህ ሥርዓት ሁለተኛ ዕትምም ሳይፈጸም በ2009 እ.ኤ.አ. ተተወ።

እንግዲህ ምርመራው ከንቱ ነው ልንል ነውን? አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ባሠሩ ጊዜ፣ ቅርጹ ቢሳሳት ቀልጦ የፈሰሰው ማዕድን ጉድለቱን ለሠሪው ወዲያው ይገልጥበት ነበር፤ ብሮውዘር ግን ስሕተቱን በዝምታ ስለሚያልፈው፣ ጸሓፊው በደሉን ሳያውቅ ይኖራል። መርማሪው የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ታጋሹ አንባቢ፣ ብሮውዘሩ፣ የሸሸገለትን ለጸሓፊው ይነግረዋል። አንዲት ቅንፍ ሳትዘጋ ብትቀር ከእርሷ በኋላ ያለው ድንጋጌ ሁሉ ሊበላሽ ይችላልና፣ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።

ጥብቅነቱ ለማን እንደሚገባ ግን ከጋፋት ብዙ ሳንርቅ፣ በጋይንት ምድር ከምትገኘው የድጓ ማስመስከሪያ ከቤተ ልሔም እንማራለን። በየአድባራቱ የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደዚያ ወርዶ የዜማ ምልክቶቹን፣ ይዘቱን ከደረቱ፣ ድፋቱን ከጭረቱ ሳያፋልስ የሚያስመሰክረው፣ አንዲት ድፋት ብትጎድል እግዚአብሔር ምስጋናውን አይቀበልም ተብሎ አይደለም፤ በማሳው ላይ ቆሞ የሚጸልየውን ገበሬ ማን ያርመዋል? መምህር የሚሆነው ሰው የሚመረመረው ከእርሱ የሚቀዱት ብዙዎች ስለሆኑ፣ የአንዱም ስሕተት በደቀ መዛሙርቱ አፍ ስለሚባዛ ነው። እንዲሁም ለራሱና ለወዳጆቹ አንዲት ገጽ ያዘጋጀውን ሰው በነቀፌታ ማስጨነቅ አይገባም፤ ሥራውን ሌሎች የሚገለብጡት፣ ወይም የሕዝብ አገልግሎት የሚታነጽበት ሰው ግን ከምርመራ የሚያመልጥበት ምክንያት የለውም።

መርማሪውም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ገና ያላወቀውን አዲስ ቃል፣ ብሮውዘሮች ሁሉ ተቀብለውት ሳለ፣ እንደ ስሕተት የሚቆጥርበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ያለ ነቀፌታ ማለፍን የጽድቅ ማስረጃ አድርጎ መመካት፣ ነቀፌታን ሁሉ ከመናቅ የማይሻል ስንፍና ነው።

በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ ስፍራ ይህን ጥበብ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ሥራችሁን ለሕዝብ ከማውጣታችሁ አስቀድማችሁ አስመርምሩት፤ የተነቀፈውንም ከማረማችሁ ወይም ከመተዋችሁ በፊት ስለ ምን እንደ ተነቀፈ አንድ በአንድ መርምሩ።