ሞተሩና በርሜሉ

ከመተማ በገላባት፣ ከገላባት በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም የገባ አንድ የጎጃም ጎረምሳ ነበር። ሳህን አጥቦ፣ ሸክም ተሸክሞ ባጠራቀመው ገንዘብ ከባልንጀራው ጋር አንድ አሮጌ ጀልባና ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ገዛ። ጥቁር ዓባይ የካርቱሟን ሰፈር ጅሬፍን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ ይከፍላታል፤ በድልድይ ከመዞር በጀልባ መሻገር የሚመርጥ ሰው አይጠፋም ብለው ነው። በመጪው ዓርብ ሥራ ሊጀምሩ ተስማሙ፤ ከአንዳንዱ ተሳፋሪም ቀብድ ተቀበሉ።

ወሩ ነሐሴ ነው። በነሐሴ ዓባይ ካርቱም የሚደርሰው የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ተሸክሞ፣ ቡና መስሎ ነው። ግንድ ይዞ ይዞራል መባሉም እዚያ ተረት ብቻ አይደለም፤ ግንዱ ራሱ ሲንከባለል ከዳር ሆኖ ይታያል። የሰዉ ልብም ገና አልተጽናናም ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ 9 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከካርቱም በስተ ሰሜን ከ40 በላይ ተማሪዎች ጭኖ ወደ ትምህርት ቤት ይሻገር የነበረ ጀልባ፣ ሞተሩ ወንዙ መካከል ቆሞበት ሰጥሟል። ከ20 በላይ ልጆች ሞተዋል።

በዚያው በጅሬፍ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይኖሩ ነበር። በደርግ ጊዜ ከመሰደዳቸው በፊት ባሕር ዳር የጣናን ጀልባዎች ሞተር ይጠግኑ ነበር ይባላል። ሁለቱ ጓደኛሞች ሞተራቸውን ተሸክመው ደጃቸው ደረሱ።

«ጋሼ፣ ብሎኑን ብቻ ያጥብቁልን። ትናንት አስነሥተነዋል፤ ድምፁ ጤነኛ ነው» አለ ጎረምሳው።

«የት አስነሣችሁት?»

«እዚያው ግቢያችን፣ አጣና ላይ ሰቅለን።»

ሽማግሌው ምንም ሳይሉ በርሜል አንከባለው አወጡ። ያቆሙት ከጋራዡ ውጭ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነው፤ የሞተር ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ፕሮፔለሩን ፈቱ። ሞተሩን ከበርሜሉ ጋር በታሰረ ወፍራም ሳንቃ ላይ ሰቅለው መያዣዎቹን አጠበቁ። በርሜሉን ውኃ አስሞሉ፤ ሞተሩ ውኃ የሚስብባቸው ቀዳዳዎች ከተሸፈኑ በኋላ እንኳ አንድ ስንዝር አስጨመሩ። የቤንዚን ታንኩን መተንፈሻ ከፈቱ፣ የጎማውን እንቡጥ እስኪጠጥር ጨመቁ፣ ማርሹ ፍሪ መሆኑን በእጃቸው አረጋገጡ። የማጥፊያውን ቀይ ገመድ ከጎረምሳው የእጅ አንጓ ላይ አሰሩ። «ይህ ለጌጥ አይደለም። ከጀልባው ብትወድቅ ሞተሩ ዞሮ አንተኑ እንዳይቆርጥህ የሚያጠፋው ይህ ነው» አሉት።

ሦስተኛው ስበት ላይ ሞተሩ ተነሣ። በእውነትም ድምፁ ያማረ ነበር፤ ጓደኛሞቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። ሽማግሌው ግን ዓይናቸው ከሞተሩ ጎን ካለች፣ ጣት ከማታስገባ ቀዳዳ ላይ ነበር።

«ውኃው የቱ ጋ ነው?»

ከዚያች ቀዳዳ ቀጭን ውኃ መፍሰስ ነበረበት። አንዲት ጠብታ የለም። ሽማግሌው ቀዩን ገመድ ስበው አጠፉት።

የታችኛውን ክፍል ሲፈቱት የውኃ ፓምፑ ጎማ ክንፎቹ ተበልተው፣ ደለል ተጠቅጥቆበት ተገኘ። ይህች ጎማ እየተሽከረከረች ነው ውኃ ከሥር ስባ ሞተሩን የምታቀዘቅዘው። የራሷ ማለስለሻም ያው ውኃ ነው፤ በደረቁ ብትሽከረከር ለመቃጠል ሰኮንዶች ይበቋታል። ሽማግሌው ደለሉን በጣታቸው አሽተው ለጎረምሳው አሳዩት።

«ይህ ከእናንተ ደጅ የመጣ አፈር ነው። የቀረውን ጥፋት እናንተ አጣናው ላይ ጨረሳችሁት። እሳቱ መንደዱን ድምፁ ይነግርሃል፤ መቀዝቀዙን የምትነግርህ ግን ይህች ቀዳዳ ናት። ድምፁን ብቻ ሰምተህ ሰው አትጫን።»

አዲስ ጎማ ከዓርብ በፊት አይገኝም ተባለ። ባልንጀራው ተቆጣ። «መሻገሪያው አጭር ነው፤ ሳይግል እንደርሳለን!» አለ። ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ደርሶበታል፣ ቀብዱም ተበልቷል። ችግር ላይ ያለ ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። የሚያስፈራኝ ግን ስሌቱ የእሱ፣ ወንዝ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች የሌላ መሆናቸው ነው። ጎረምሳው እያመነታ ቆየና የተፈታውን ሞተር ሳይገጥሙት እዚያው እንዲተዉት ሽማግሌውን ለመናቸው። ቀብዱን ለመመለስ ከአንዲት ቡና ሻጭ እህት ተበደረ።

ዓርብ ጠዋት ተሳፋሪዎቹን ሌላ ባለ ጀልባ ወሰዳቸው። ደንበኛ ለመሳብ ሞተሩን ደረቅ መሬት ላይ አስነሥቶ፣ ነዳጅ እየሰጠ ያስጮኸው ነበር። ሰዉም ወደ ጩኸቱ ሄደ። ወንዙ መካከል ሲደርሱ ጭስ ታየ፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ ቆመ። መቅዘፊያ አልያዘም። ጎርፉ ጀልባውን አዙሮ ወደ መንሺያ ድልድይ ምሰሶዎች ይዞት ወረደ። ጎረምሳው ከዳር ሆኖ ጩኸቱን ይሰማል፤ የእሱ ሞተር ተበትኖ በርሜል ሥር ተኝቷል፤ ሊደርስላቸው አልቻለም። የደረሱላቸው በመቅዘፊያ የሚሄዱ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ገመድ ወርውረው፣ ከምሰሶው በጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ወደ ዳር ሳቧቸው። ሰው አልሞተም።

የጎረምሳው ሞተር በሳምንቱ ተጠገነ። ሽማግሌው ሲያስረክቡት በመያዣዎቹ ላይ ሰንሰለት ጨመሩበት። «ቤንዚን ጀልባው ውስጥ አትቅዳ፤ ታንኩን አውርደህ መሬት ላይ ሙላ። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል» አሉት። በነጋታው ጀልባውን ከዳር አስሮ፣ የሞተሩን እግር ውኃ ውስጥ አውርዶ አስነሣና ጎንበስ ብሎ ቆየ። ያቺ ቡና ሻጭ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ነበረች።

«ምን ትጠብቃለህ ወንድሜ? ፀሐዩ በረታ እኮ!»

ቀዳዳዋን አሳያት። ውኃው ቀጥ ብሎ ይፈስ ነበር። እጇን ሰደደችበት፤ መጀመሪያ ቀዘቀዛት፣ ቆይቶ ለብ አለ።

«ሙቀቱን ይዞ እየወጣ ነው» አላት።

ከኋላዋ ላሉት በዓረብኛ ነገረቻቸው። እነርሱም ለሌሎች ነገሩ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ የጅሬፍ ተሳፋሪዎች ሂሳባቸውን በእጃቸው ይዘው ከዳር መቆም ጀመሩ፤ ውኃው ሲወርድ ካላዩ እግራቸውን ጀልባ ውስጥ አያስገቡም። ባለ ጀልባዎቹ አጉረመረሙ፣ ተሳደቡ፣ በመጨረሻ ግን ከሽማግሌው ደጅ ለበርሜሉ ወረፋ ያዙ። ያ ሞተሩ የተቃጠለበት ሰውም አንድ ቀን ማለዳ መጣ። ሞተሩን በአህያ ጋሪ አስጭኖ፣ በእጁ ሁለት አዳዲስ መቅዘፊያ ይዞ ነበር።