አማናውን ማን በላው?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

ወደ ደባርቅ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የጁምዓ ሰላት አብቅቶ ከመስጊድ ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ጋዜጠኛ መሆኔን ሰምተው ኖሮ ጠጋ አሉኝ። በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነስተው ደባርቅ ከሰፈሩት የግጭ መንደር ሰዎች አንዱ ናቸው። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ከሱቅ ዱቄት ገዛሁ። ተማሪው የልጅ ልጄ የጆንያውን ጽሑፍ አንብቦ ‹አባባ፣ ይኸ አይሸጥም ይላል› አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ገንዘቤንም ከፍያለሁ። ግን የማንን ቀለብ ነው የምበላው?»

መልስ አጣሁ። በእኔም ቤት ውኃ በምናጠራቅምበት የዘይት ቆርቆሮ ላይ ያው ጽሑፍ አለ። ረከሰልኝ ብዬ ከነዘይቱ ስገዛው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬአለሁ።

ነገሩ የአንድ ሱቅ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና በወቅቱ የነበረው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤይድ) ለትግራይ የሚሰጡትን የምግብ እርዳታ አቆሙ። በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ በመላ አገሪቱ አቋረጡ። ምክንያቱ ለረሃብተኛ የመጣው እህል ወደ ሌላ እጅ መግባቱ፣ በገበያ መሸጡና በዱቄት ፋብሪካዎች መገኘቱ ነበር። ዩኤስኤይድ ምዝበራው ሰፊና የተቀናጀ ነው አለ። መንግሥት በበኩሉ ጥፋቱ በእርሱ ላይ ብቻ መጣሉን ተቃወመ። በትግራይ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ በሐምሌ ወር 186 ተጠርጣሪዎችን መለየቱን ሲያስታውቅ የተያዙት 7 ብቻ ነበሩ።

ጦሙን ያደረው ግን ማን ነው? ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲኬድ ዳባት ይገኛል። በዚያ ወረዳ በአለምዋጭ መጠለያ የትግራይ ጦርነት ዳግመኛ ያሰደዳቸው ኤርትራውያን ሰፍረው ነበር። የስደተኞቹም ቀለብ ቆመ፤ የተመለሰው በመስከረም ማብቂያ 2016 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በጃናሞራና በበየዳ ዝናብ ጠፋ። ከብት አለቀ፣ ሰው ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። ለሌላው ተረጂ እርዳታው እንደገና የጀመረው ከኅዳር ማብቂያ 2016 በኋላ ነው። ሰራቂው ሌላ፣ የተራበው ሌላ!

የአላህ ባሮች ሆይ! ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምስር ጎተራ በእጃቸው እንዲሆን ሲጠይቁ ያቀረቡት ዘራቸውን ወይም ወገናቸውን አልነበረም፤ ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውን እንጂ። በዚያ ዘመን ድርቅ ነበረ፤ ጎተራው ግን ታማኝ ስላገኘ ሕዝብ ዳነ።

ከኸይበር ዘመቻ በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገልጋይ የነበረ ሰው በቀስት ተመትቶ ሞተ። ሰዎች ‹ሸሂድ ሆነ› ብለው ደስ አላቸው። ነቢዩ ግን ምርኮው ሳይከፋፈል የወሰዳት ካባ በላዩ ላይ እሳት ሆና እንደምትነድ ነገሯቸው። ይህን የሰማ ሌላው ሰው ደንግጦ የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ። እርሷም የእሳት መሆኗ ተነገረው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አንዲት ካባ እንዲህ ካደረገች በመኪና የተጫነው ስንዴ ምን ሊያደርግ ነው? የጫማ ማሰሪያ ከተቆጠረስ የእኔ ቆርቆሮ ወዴት ሊገባ ነው?

ደግሞም ከመኽዙም ጎሳ የሆነች ባለ ወገን ሴት ሰርቃ አማላጅ በተላከላት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጡ። ከእኛ በፊት የነበሩት የጠፉት ትልቁ ሲሰርቅ እየተዉ፣ ደካማው ሲሰርቅ እየቀጡ መሆኑን አስተማሩ። የእኛ ግን ከዚያም ይብሳል። አብዛኛው ተጠርጣሪ ሳይያዝ ቅጣቱ ያረፈው ምንም ባልሰረቀው ላይ ነው።

ነጋዴ ወንድሞቼ! ተረጂው ራሱ ከድርሻው ቀንሶ ለጨውና ለወፍጮ ሲሸጥ አይተን ይሆናል። እርሱ የሸጠው የራሱን ነው። በኩንታል ተቆልሎ በሌሊት የሚራገፈው ግን የማን ድርሻ ነው? ‹እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል› ማለት በቂያማ ዕለት አያድንም። ገዢ ባይኖር ሰራቂው ለማን ይሸጥ ነበር? የተረጂ መዝገብ የምትይዙም ወገኖች፣ ያለቦታው የምትጽፉት አንድ ስም ከአንድ ሕፃን አፍ የሚነጠቅ ጉርሻ ነው።

ለሽማግሌው፣ «አባቴ፣ የዱቄቱን ነገር ዑለማዎችን ይጠይቁ። እርስዎ ግን ጠየቁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ነው የበላሁት» አልኳቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲያው ጻፈው» አሉኝ። የዘይቱን ዋጋ ለሚስኪን ሰጥቻለሁ፤ አላህ ይቀበለኝ። ቆርቆሮው ዛሬም ጓዳችን ውስጥ አለ። እናንተም እስቲ ጓዳችሁን ተመልከቱ።

አላህ ሐላሉን አብቃቅቶ ከሐራም ይጠብቀን። አማናን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ።