ለአንዲት ጫጩት ይህን ያህል?

የታመመች ጫጩት ቤት ውስጥ ማስታመም ለብዙዎቻችን የልጅ ጨዋታ ይመስለናል። ሌላ መግዛት እየተቻለ ለአንዷ ከሰል ማንደድና ሌሊት መንቃት ኪሳራ ነው እንላለን። ለመሆኑ እዝነት በገበያ ዋጋ የሚለካ ነገር ነውን?

ጥያቄውን ያስነሳብኝ በመርሳና በወልድያ መካከል በምትገኘው ሲሪንቃ፣ በእንግድነት ባረፍኩበት ቤት የሰማሁት ክርክር ነው። ቤተሰቡ በመሣሪያ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ገዝቷል። አንዷ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ከሌሎቹ ተለየች። የቤቱ ትንሽ ልጅ በካርቶን አድርጋ ከምድጃው አጠገብ አኖረቻት። አጎቷ ሳቀና «ነገ ለምትታረድ ዶሮ ይህ ሁሉ ልፋት ምንድን ነው?» አላት። «ነገ ትታረዳለች ተብሎ ዛሬ ብርድ ይግደላት እንዴ?» ስትል መለሰች። ጫጩቷ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አጎትየውም «አላልኩሽም?» አለ።

አጎትየው ጨካኝ ሰው አይደለም። እንቁላል ተሸጦ ጨውና ደብተር በሚገዛበት ቤት ወጪን ማስላት ነውር የለበትም። ነገር ግን መታረዷን ለቸልተኝነት ምክንያት ማድረጉ አያስኬድም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አራጁ ቢላዋውን እንዲስል፣ የሚታረደውንም እንዳያሰቃይ አዘዋል። በመጨረሻዋ ደቂቃ እንኳ ስቃይዋ የሚታሰብላት ፍጥረት፣ በመጀመሪያው ሳምንቷ እንዴት ትረሳለች?

ሌላም ነገር አለ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። እናት ያላት ጫጩት ሲበርዳት ከክንፍ ሥር ትገባለች። ከመሣሪያ የወጣችው ግን ክንፍ የሚባል ነገር አታውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ይህን ራሷ ማምጣት አትችልም። እንግዲህ እናት የሌላትን ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው የእናቲቱን ሥራ አብሮ ተረክቧል። ይህ አማና ነው፤ ጫጩቷ ርካሽ ስለሆነች አይቀልም።

ታዲያ እዝነት ያለ ዕውቀት ጉዳት እንደሚያመጣም መዘንጋት የለበትም። የታመመችውን ከጤነኞቹ መለየት፣ ደረቅ ጭድ ማንጠፍ፣ እንዳትሰምጥ ጠጠር በተደረገበት ጠፍጣፋ ዕቃ ንጹሕ ውሃ ማቅረብ ይገባል። ጫጩቶች ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ከሙቀቱ ከሸሹ በዝቶባቸዋል። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ግን ጫጩቷንም ሰውንም ይገድላል። የሰው ኪኒን በግምት መስጠትም ሕክምና አይባልም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየ የእንስሳት ሐኪም ይጠየቅ፤ ኮክሲዲዮሲስ ከሆነ መድኃኒት አለው። ፈንግል ግን መከላከያ እንጂ ፈውስ የለውም፤ ክትባቱም ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ልጆችም ጫጩት ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ አይሳሟትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጫጩቷ ብትሞትስ? ልፋቱ ከንቱ ነበር ማለት ነውን? የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት ባዘነ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫውተውታል። ወፍ ናት ብለው ሐዘኑን አልናቁበትም። እኛ ግን የልጆቻችንን እዝነት «አላልኩሽም?» ብለን እንቀጨዋለን። ደካማ ፍጥረት በዋጋው እንደሚመዘን ከእኛ የተማረ ልጅ፣ አድጎ አልጋ የያዘ አዛውንት ቤቱ ሲኖር በየትኛው ሚዛን ይመዝን ይሆን? ወላጆች ሆይ፣ ይህን እናስብበት።

መዳንና መሞት በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ ነው። ሙቀቱን፣ ውሃውንና ጥበቃውን ግን የምንጠየቅበት እኛ ነን። ወላሁ አዕለም።