የሙዚቃ ፈጠራና የመሣሪያ ምርጫ

ጅማ ከተማ ያደገችው ቀድሞ በጅማ ነገሥታት ዘመን ታላቅ የሐሙስ ገበያ በነበረው በሄርማታ ዙሪያ ነው። በገበያ ሕግ የሚያስፈልገውን ሳያውቅ የመጣ ሸማች የሚገዛው ሻጩ የመረጠለትን ነው። የዛሬው ሙዚቀኛም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም።

በዘመናችን አንድ ከያኒ ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ የተጫወተውን አጭር ሐረግ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ እዚያው ይቀዳል። መሣሪያው ሐረጉን ሲደጋግምለት በላዩ ምት፣ በምቱም ላይ ዜማ ይደርባል። አሠራሩ ሉፕ ይባላል። ይሁን እንጂ ሙያተኞች ስለ አሠራሩ ሲወያዩ ከሚደገመው ሐረግ ይልቅ የደጋሚው መሣሪያ ዓይነትና ዋጋ ጎልቶ ይሰማል። አነስተኛ በጀት ላለው የኪነት ቡድን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ለዕቃ የዋለው ብርና ጊዜ ከልምምድ ይቀነሳልና።

ድግግሞሽን መሣሪያ አልፈጠረውም። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ዲራሼዎች ፊላ በተባለው የቀርከሃ ትንፋሽ ጨዋታቸው እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ጥቂት ድምፅ በተራው እያቀበለ፣ ከብዙ ሰው ትንፋሽ አንድ የሚሽከረከር ዜማ ይሠራሉ። ነፊው ተራውን ካልጠበቀ ዜማው ይፈርሳል። ጥበቡ ያለው በመደማመጥ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ መሣሪያ ዋጋ የለውም ማለት ግን ሌላው ስሕተት ነው። ዋሽንት ነፊ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶችን የሚይዘው ለጌጥ ብሎ አይደለም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ የሚያልፍበትን መንገድ ፒያኖ በ12ቱ ቋሚ ድምፆቹ ሊከተለው አይችልም። ስለዚህ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው የሚሰማውን ብቻ ሳይሆን የሚቀርበትንም ይመርጣል።

በጅማ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምረው የያዙት ቪብራፎን የባዕድ አገር መሣሪያ ነበር። ሆኖም ይዘውት የተነሡት ጥያቄ የአገር ቤት ጥያቄ ነው፦ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት የራሱን ቀለም ሳያጣ ከ12 ድምፅ ኅብረ ዜማ ጋር እንዴት ይዋሐዳል? ይኸው ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሃርቫርድ ክራርን ወደማሻሻል ሥራ መራቸው። ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ካሴት የወጣትነት አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር ብቻቸውን ደራርበው ቀድተዋል። በሁለቱም ዘንድ ጆሮ ቀደመ፤ ዕቃው ተከተለ።

እንግዲህ የኪነት ቡድን መሪም ሆነ የሙዚቃ መምህር ከግዥ በፊት አንድ ፈተና ማድረግ ይችላል። ሊደገም የታሰበው ሐረግ በክራርና በጭብጨባ ብቻ ደጋግሞ ይሰማ። አድማጭን ካሰለቸ ማናቸውም መሣሪያ አያድነውም፤ እንዲያውም ጉድለቱን ያለ ድካም ይደጋግመዋል። ሐረጉ ጸንቶ ከቆመና የሚጎድለው ድምፅ ተለይቶ ከታወቀ ግን መሣሪያውን መፈለግ ራሱ የፈጠራው አካል ይሆናል። ያን ጊዜ ከያኒው ወደ ገበያ የሚሄደው የሚፈልገውን አውቆ ነው።